ስሙን ደብቆ ሙያውን የሸጠው ቁማርተኛ

እ.ኤ.አ. በ1902 ቺካጎ ውስጥ አንድ ሰው በራሱ ወጪ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በካርታ ጨዋታ እንዴት እንደሚጭበረበር ከሀ እስከ ፐ ያስተምራል። ጸሐፊው በመግቢያው ላይ ሰበብ አልደረደረም። ወጣቱን ከቁማር ለማዳን ነው የተነሳሁት አላለም፣ ለኅብረተሰቡ አስቤ ነውም አላለም። መጽሐፉ ከተሸጠ ዋናው ዓላማው እንደሚሳካ፣ ገንዘብ እንደቸገረው በግልጽ ተናገረና ወደ ሥራው ገባ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ግልጽነት እንግዳ ነገር ነበር። ስለ ካርታ ማጭበርበር የሚጻፉ መጻሕፍት ቀድሞም ነበሩ። ፈረንሳዊው የምትሃት ትርዒት አባት ሮቤር ኡዳን በ1861፣ እንግሊዛዊው ጆን ኔቪል ማስከላይን ደግሞ በ1894 ጽፈዋል። ሁለቱም ግን በመድረክ የሚታወቁ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ቁማርተኛውን ከውጭ ሆነው አይተው «ተጠንቀቁ» ብለው ነው የጻፉት። የቺካጎው ሰው ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ራሱ ነው። በአንድ ወቅት ኪሱ የሞላ ጥሬ ወጣት እንደነበረ፣ ይህንንም እውቀት በተበላው ገንዘብ እንደገዛው ይናገራል። አላለቀሰም፣ አልተጸጸተም።

መጽሐፉ በኋላ የታወቀበት ስም «የካርታ ጠረጴዛው ባለሙያ» የሚል ነው። የጸሐፊው ስም ደግሞ ኤስ. ደብሊው. ኤርድኔዝ። ይህ ስም የእውነት እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም። በእንግሊዝኛ ፊደላት ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ «ኢ. ኤስ. አንድሩስ» ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ከ120 ዓመታት በላይ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ቀረ፤ ሰውየው ማን ነበር?

ጥያቄው ደስ ይላል፣ ያጓጓል። ችግሩ ግን ከእሱ የሚበልጠውን ጥያቄ መሸፈኑ ነው። ሰውየው ምን ሰጠ? ለማንስ? ማንነቱ ጠፍቷል፤ ሥራው ግን ገጽ በገጽ፣ ሥዕል በሥዕል ተቀምጧል። የጠፋውን ለመፈለግ የሚባክነው ጉልበት የተገኘውን ለማንበብ ቢውል ኖሮ ብዙ ነገር ይገባን ነበር።

እስቲ ወደ ሥራው እንግባ።

ከሁሉ በፊት ሰውየው ለሙያው ቋንቋ ሰጠው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁማርተኛ «ሙያ በልብ ነው» የሚለውን ተረት ከማንም በላይ አጥብቆ የያዘ ፍጡር ነው። የሚያውቀውን ለልጁ እንኳ ላይናገር ይችላል። እጅ የሚሠራውን አፍ ስለማይናገረው፣ ለአብዛኞቹ የእጅ እንቅስቃሴዎች ወጥ የሆነ ስም አልነበራቸውም። ኤርድኔዝ መጽሐፉን የጀመረው ቃላቱን አንድ በአንድ በመፍታት ነው። አንድ ካርታ ከጥቅሉ ትንሽ ወጣ ብሎ ሲቀመጥ ምን እንደሚባል፣ ወደ ውስጥ ሲወጣና ወደ ውጭ ሲወጣ እንዴት እንደሚለይ፣ በጣት የሚያዝ ትንሽ ክፍተት ስሙ ማን እንደሆነ ወስኖ አስቀመጠ። ዛሬ ቶኪዮም ማድሪድም ያሉ የካርታ ምትሃተኞች ሲነጋገሩ ከእነዚሁ ቃላት ብዙዎቹን ይጠቀማሉ።

ነገሩ በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። አንድ ቁማርተኛ የሚፈልጋቸው አራት ካርታዎች ከጥቅሉ አናት ላይ አሉ እንበል። አሁን መበወዝ አለበት፤ ሰው ሁሉ እያየው ነው። ከሥር ያለውን ግማሽ ያህል አነሳና በላያቸው ላይ መጣል ጀመረ። የመጀመሪያዋን ካርታ ሲጥል ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ራሱ ሆድ ሳብ አድርጎ አሳረፋት። የቀረውን በላይዋ ላይ እንደልቡ በወዘው። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው የሚያየው ያልተስተካከለ ጥቅል ነው፤ የማን ጥቅልስ ተስተካክሎ ያውቃል? በውዞ ሲጨርስ በአውራ ጣቱ ያቺን ወጣ ያለች ካርታ ዳሰሰ፣ ከእሷ በታች ያለውን ከፈለና ወደ ላይ መለሰው። አራቱ ካርታዎች ወደ አናት ተመለሱ። ብወዛው እውነተኛ ይመስላል፤ አብዛኛውም እውነተኛ ነው። ውሸቱ የሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው።

ይህን ዘዴ ኤርድኔዝ ብቻውን ፈጠረው ማለት አይደለም። ቁማርተኞች ይሠሩበት ነበር። ነገር ግን መምህር ሳይኖር፣ መጽሐፍ ይዞ መስታወት ፊት ተቀምጦ ሊማር ለሚፈልግ ሰው እንዲህ አድርጎ ያስቀመጠለት ከእሱ በፊት አልነበረም። የትኛው ጣት የትኛውን ጥግ እንደሚይዝ፣ ግራ እጅ ሲንቀሳቀስ ቀኝ እጅ የት እንደሚቆም በቃልና ከ100 በላይ በሆኑ ሥዕሎች አሳይቷል።

ሁለተኛው አስተዋጽኦው ሐሳብ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩ ብዙ ጸሐፊዎች ማታለል ማለት ፍጥነት ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ተመልካቹም እንዲሁ። እስከ ዛሬም «እጅ ከዓይን ይፈጥናል» የሚል ሰው አይጠፋም። ኤርድኔዝ ይህን አልተቀበለም። የእሱ መርህ አንድ ወጥነት ነው። ሐቀኛው ሰው ካርታ ሲያድል እጁ እንዴት እንደሚሆን፣ አጭበርባሪውም በትክክል እንደዚያው መሆን አለበት። ከሥር የሚያድል ሰው ከላይ ሲያድልም በዚያው አያያዝ፣ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ድምፅ ማደል ይጠበቅበታል። እጁ አንዴ እንኳ ልዩ እንቅስቃሴ ካሳየ ሥራው ከሸፈ። ጎበዙ ሰው ዘዴውን ማሻሻል ካልቻለ ጊዜውን ይለውጣል የሚል ምክርም አለው፤ ዓይን ሌላ ቦታ እስኪያርፍ መጠበቅ ማለት ነው። አንድ ነጋዴ ወይም አንድ ፖለቲከኛ ይህን ቢያነብ ካርታ ባይነካም እንኳ የሚማረው አያጣም፣ ግን ያ ሌላ ወሬ ነው።

ሌላው ደግሞ ሐቀኝነቱ ነው። አጭበርባሪ ስለ ሐቀኝነት ምን ያውቃል ትሉ ይሆናል። አንድ ሰው ካርታውን ከቆረጠ በኋላ ጥቅሉን በስውር ወደነበረበት የመመለስ ዘዴዎች አሉ። ኤርድኔዝ ከእነዚህ ውስጥ የራሱ የሆኑትን ጭምር ብዙ ገጽ ሰጥቶ አብራርቷል። ከዚያ ምን አለ? ምንም ያህል በጥበብ ቢሠራ አንድ ነገር እንደተከናወነ የማያሳብቅ ዘዴ እስካሁን አልተፈጠረም አለ። የራሱን ዕቃ እያሻሻጠ የዕቃውን እንከን የሚናገር ነጋዴ ስንቴ አጋጥሟችኋል? በስውር ካርታ የሚይዙ የብረት መሣሪያዎችንም አልወደዳቸውም፤ ባዶ እጅ ይበቃል ባይ ነው።

መጽሐፉ ባለ ሦስት ካርታውን የመንገድ ጨዋታም ይዟል። መርካቶን ወይም አውቶቡስ ተራን የረገጠ ሰው ይህን ለማወቅ ቺካጎ መሄድ አያስፈልገውም፤ «ቀይዋን ያየ!» የሚለው ጥሪ ይበቃዋል። ሦስት ካርታ፣ አንድ ካርቶን፣ ዙሪያውን የቆሙ «ተጫዋቾች»። ከቆሙት መካከል ብዙዎቹ የባለቤቱ ሰዎች ናቸው። ባለ ካርታው ዞር ሲል ከእነሱ አንዱ የምትፈለገውን ካርታ ጥግ አጠፍ ያደርግና ፋራውን በዓይኑ ይጠቅሰዋል። ፋራው ደስ ይለዋል፤ ሌባውን ሊሰርቅ ነው። ገንዘቡን ሲያወጣ ግን ጥጓ የታጠፈችው ካርታ ሌላ ሆና ትገኛለች። ባለ ካርታው ሲወረውር የአንዷን እጥፋት አቃንቶ የሌላዋን አጥፏልና። ጨዋታው የሚበላው ሞኙን ብቻ አይደለም፣ ብልጥ ነኝ ባዩን ጭምር ነው። እዚህ ላይ ቺካጎና መርካቶ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ።

ጥያቄው ይህን ሁሉ ማሳተም ተገቢ ነበር ወይ የሚለው ነው። ሌባ አያፈራም? ያፈራል እንጂ። መጽሐፉን አንብቦ የሰው ደሞዝ የበላ አልነበረም ብሎ መሟገት አይቻልም፣ ጸሐፊውም ጀግና አይደለም። ነገር ግን ሂሳቡን በትክክል እንሥራ። ከሥር ማደልን የሚያውቁ አጭበርባሪዎች ከመጽሐፉ በፊት ያውቁት ነበር፤ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ። የማያውቀው የሚበላው ሰው ነበር። ምስጢሩ በታተመ ጊዜ የመረጃ ልዩነቱ በመጠኑም ቢሆን ጠበበ። ዝምታ ሁልጊዜ የሚጠቅመው አስቀድሞ የሚያውቀውን ወገን ነው።

ደግሞም መጽሐፉን አጥብቆ የያዘው ቁማርተኛው አልሆነም። የመጽሐፉ የኋለኛ ክፍል ስለ ምትሃት ነው። ከደርዘን ያላነሱ ትርዒቶችን፣ ከሚነገረው ጨዋታ አዘል ንግግር ጋር፣ ጸሐፊው አስቀምጧል። አንድ ቁማርተኛ ይህን ለምን እንደጨመረ እሱ ነው የሚያውቀው፤ ገዢ ለማብዛት ከሆነ አልተሳካለትም። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉ በግማሽ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። በ1905 ፍሬድሪክ ድሬክ የተባለው የቺካጎ አሳታሚ እያተመ ያወጣው ገባ። ከዚያ ወዲህ ያልታተመበት ዘመን ያለ አይመስልም። «ገንዘብ ቸግሮኛል» ያለው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ኅትመት የበላው ትንሽ ይመስላል።

ወራሹ የተገኘው ካናዳ ውስጥ ነው። ዳይ ቨርነን በ1894 ኦታዋ ተወለደ። መጽሐፉን ያገኘው ገና ልጅ ሳለ ነው፤ እንደ ዳዊት ደገመው። ሌሎች ምትሃተኞች ሳጥን፣ መጋረጃና እርግብ ይዘው መድረክ ላይ ሲሯሯጡ ቨርነን አንድ ጥቅል ካርታ ይዞ ጠረጴዛ ዳር ተቀመጠ። የኤርድኔዝን መርህ ወስዶ ወደ ትርዒት አዞረው። እጅ ተፈጥሯዊ ይሁን፣ ምንም የተለየ ነገር አይታይ፣ ተመልካቹ የተታለለበትን ቅጽበት እንኳ አይጠርጥር። በ1922 ቺካጎ ውስጥ ሃሪ ሁዲኒን በካርታ ግራ አጋባው። ሁዲኒ ደጋግሞ እያየ ምስጢሩን ማወቅ አልቻለም። ቨርነን «ሁዲኒን ያታለለው ሰው» እየተባለ ኖረ። የእሱ ዝነኛ ትርዒት «ድል» ስለ አንድ አጭበርባሪ የሚተረክ ነው። ካርታው ግማሹ በፊቱ ግማሹ በጀርባው ተደባልቆ ይበወዝና በመጨረሻ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተስተካክሎ ይገኛል። የትርዒቱ ልብ ከቁማር ጠረጴዛ የመጣ የሐሰት ብወዛ ነው።

ቨርነን ከመጽሐፉ የማይገኘውንም ፍለጋ ወጣ። በ1932 ካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ ውስጥ፣ ከጥቁር ወረቀት የሰው ጥላ እየቀደደ በመሸጥ ኑሮውን ሲገፋ ነበር። እስር ቤት ያለ አንድ ሜክሲኳዊ ቁማርተኛ ከጥቅሉ መሃል ካርታ የሚያድል ሰው አይቻለሁ አለው። ይህ ለባለሙያው ትልቅ ዜና ነው። ከላይም ከሥርም ማደል ይታወቃል። ተጫዋቹ ካርታውን ሲቆርጥ ግን የተደበቁት ካርታዎች ወደ መሃል ይገባሉና ቆረጣው አጭበርባሪውን ያከሽፈዋል። ከመሃል ማደል የሚችል ሰው ካለ ቆረጣ የሚባለው መከላከያ ራሱ ዋጋ የለውም። ቨርነን ወሬውን ተከትሎ ከተማ ለከተማ ሲጠይቅ ቆይቶ ሚዙሪ ግዛት ፕሌዘንት ሂል በምትባል ትንሽ ከተማ አለን ኬኔዲ የተባለውን ሰው አገኘው። ኬኔዲ አሳየው፣ አስተማረውም።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኬኔዲ በእጅ ሥራ ምናልባት ከኤርድኔዝ አያንስም ነበር። ስሙ ይታወቃል፣ ከተማው ይታወቃል። ግን አልጻፈም። ያችን ዓመታት የፈጀች ጥበቡን አንድ ጠያቂ ሰው በሩን ባያንኳኳ ኖሮ ይዟት መቃብር ይወርድ ነበር። ዛሬ የምትታወቀው በቨርነን አፍና በቨርነን እጅ ነው። ኤርድኔዝ በተቃራኒው ስም የለውም፣ መቃብሩን የሚያውቅ የለም፣ ነገር ግን ማንም ሳያንኳኳ ሥራው ሁሉም ቤት ገባ። የትኛው ሰው ነው የጠፋው? ቨርነን በ1984፣ በ90 ዓመቱ፣ ልጅ ሳለ በቃሉ ያጠናውን የኤርድኔዝን መጽሐፍ ከራሱ ማብራሪያ ጋር ዳግም አሳተመ።

የስም አሳሾቹን ታሪክ ሳያነሱ ማለፍም አይቻልም። ጸሐፊው ማርቲን ጋርድነር በ1946 የመጽሐፉን ሥዕሎች የሠራውን ማርሻል ስሚዝን ቺካጎ ውስጥ በሕይወት አገኘው። ስሚዝ ከ40 ዓመት በላይ ወደኋላ ተመልሶ በብርድ ቀን ሆቴል ክፍል ውስጥ ያገኘውን፣ ለስላሳ እጅ ያለውንና አጠር ያለውን ሰው አስታወሰ። ጋርድነር ፍለጋውን ቀጥሎ ሚልተን ፍራንክሊን አንድሩስ ላይ ደረሰ። ይህ ሰው በነፍስ ግድያ የሚፈለግ ካርታ አጭበርባሪ ሲሆን በ1905 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ፖሊስ ሲደርስበት ራሱን የገደለ ነው። ታሪኩ ለፊልም የተመቸ ነው፤ ጉድለቱም ያ ነው። አንድሩስ ቁመቱ ከስድስት ጫማ በላይ ነበር። ሥዕለኛው ያየው ሰው ደግሞ አጭር። ሌሎች ተመራማሪዎች በበኩላቸው የሞንታና ሴናተር ልጅ የሆነውን የማዕድን መሐንዲስ ዊልበር ኤጀርተን ሳንደርስን አቀረቡ። «ደብሊው. ኢ. ሳንደርስ» የሚለው ስም ፊደላቱ ሲደባለቁ «ኤስ. ደብሊው. ኤርድኔዝ» ይሆናልና። ሌሎችም እጩዎች አሉ። እስከ ዛሬ የተረጋገጠ የለም።

ልብ በሉ፤ ጸሐፊው ነፍሰ ገዳይ ነው ከተባለ መጽሐፉ የወንጀለኛ ኑዛዜ ይሆናል። መሐንዲስ ነው ከተባለ ደግሞ ያው መጽሐፍ የተማረ ሰው ጥናት ይሆናል። አንዲት ፊደል ሳትቀየር። ሰው የሚያነበውን ከማንበቡ በፊት «ማን ጻፈው?» ብሎ ወገን የመለየት ልማዱ የዛሬ የማኅበራዊ ሚዲያ በሽታ ብቻ አይደለም። የዚህ መጽሐፍ ዕጣ ለየት የሚለው መልሱ ባለመገኘቱ አንባቢው ወደ ገጹ እንዲመለስ መገደዱ ነው።

የውርሱ ጅረት ምትሃት ላይም አልቆመም። ፐርሲ ዳያኮኒስ የተባለ የኒው ዮርክ ልጅ በ14 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ከቨርነን ጋር ሀገር ለሀገር ዞረ። ካርታ ሲማር የዕድል ስሌት አሳሰበው። መጽሐፍ ገዛ፣ አልገባው አለ፣ እሱን ለማንበብ ሲል የማታ ትምህርት ገባ። በ1974 ከሃርቫርድ ዶክትሬቱን ይዞ ወጣ። በ1992 ከዴቭ ቤየር ጋር ባሳተመው ጥናት አንድ ጥቅል ካርታ በደንብ እንዲደባለቅ በተለመደው የግማሽ ለግማሽ ብወዛ ሰባት ጊዜ ያህል መበወዝ እንዳለበት አሳየ። ካርታ ሲበወዝ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚጠፋ የሚለው የሒሳብ ጥያቄ፣ ኤርድኔዝ በአውራ ጣቱ ሲዳስሰው ከነበረው ጥያቄ ጋር ሥጋ ዘመድ ነው።

ቆይቶ ለካሲኖዎች የመበወዣ ማሽን የሚሠራ አንድ ኩባንያ ማሽኑን እንዲመረምሩለት ዳያኮኒስንና ባልደረባዎቹን ጠራቸው። ማሽኑ ካርታውን በአሥር መደርደሪያዎች ላይ እየበተነ መልሶ የሚሰበስብ ነበር። በደንብ ከተደባለቀ ጥቅል ላይ ካርታ በካርታ እየገመተ የሚሄድ ብልህ ሰው ከ52ቱ በአማካይ ወደ 4.5 ያህሉን በትክክል ይገምታል። ከዚህ ማሽን በወጣው ላይ ግን ወደ 9.5 መገመት እንደሚቻል አረጋገጡ። የቁማር ቤትን ባዶ ለማድረግ የሚበቃ ልዩነት ነው። ውጤቱን ለኩባንያው ሰዎች ነገሯቸው። እነሱም በመደምደሚያው ደስ እንዳላላቸው፣ ግን እንደሚያምኑት፣ የቀጠሯቸውም ለዚሁ እንደሆነ መለሱ።